ዘፋኙ የቀረበት ዘፈን

በጋሽ አስናቀ ለቅሶ ላይ ሳቅሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ ቢታዘበኝ አልፈርድበትም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰዋል፣ ንፍሮው ዞሯል። ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ ዜና እንዳያመልጣቸው ትንሿን ሬዲዮናቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ከፈቱ። ሁልጊዜ ከዜናው በፊት የምትለቀቀው ሙዚቃ መጣች። ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጊታሩ ቆንጠጥ ያደርገዋል፣ ከሥር ደግሞ ከበሮው አለ። ያንን ከበሮ የሚመታው አሁን ቀብረነው የመጣነው ሰው ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው ለእሳቸው እያለቀሰ እሳቸውን ይሰማል፣ ያወቀ ግን የለም። ሽማግሌው ቀና አሉና፣ «እስቲ ዝም በሉ፣ ዜና ሊጀምር ነው» አሉ። ያን ጊዜ ነው ሳቁ ያመለጠኝ።

አጠገቤ የነበረችው የእህታቸው ልጅ ጥሩወርቅ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ወዲያው ለምን እንደሳቅሁ ገባትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና የእሷም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው ልቅሶው የበረታባት መስሎት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል። ጋሽ አስናቀ ቢያዩን እንዴት ደስ ባላቸው ነበር!

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ሞንታርቦ የማከራይ ሴት ነኝ። ከዓረብ አገር ስመለስ ዘመድ ሁሉ ሱቅ ክፈች፣ ምግብ ቤት ክፈች ሲለኝ እኔ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ፣ ሚክሰርና ጄኔሬተር ገዛሁ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ሰዉ ዲጄ ይለኛል። ግማሹ ለማክበር ነው፣ ግማሹ ለማሽሟጠጥ።

ጋሽ አስናቀን ያወቅኋቸው በስድብ ነው። አንድ ጧት ከሱቄ ደጃፍ ሞንታርቦዎቹን ስሞክር አንድ ረዥም ቀጭን ሽማግሌ መንገዱን ተሻግረው መጡና ፊት ለፊት ገተር አሉ። መዳፋቸውን ሞንታርቦው ጎን ላይ ለጠፉት። በሬ የሚገዛ ሰው እንዲያ ነው የሚዳብሰው።

«አንች ልጅ፣ ባሱን አስክረሽዋል» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«ሰክሯል! ይኸው ይንገዳገዳል። ሰው በዚህ ሲጨፍር ወገቡ ቅጭት ነው የሚለው።»

«አባቴ፣ የደብረ ታቦር ሰው ባስ ሲበዛለት ነው ደስ የሚለው።»

«የደብረ ታቦር ሰው እኔም ነኝ» አሉና ሳያስፈቅዱ አንዷን ቁልፍ ትንሽ መለስ አደረጓት። ለውጥ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፣ እኔም የተሻለ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሰርጉ ከሚክሰሬ ጎን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። «ዲጄዬ» ይሉኝ ነበር። ከአፋቸው ሲወጣ የሚያሽሟጥጥ ነገር አልነበረውም።

ታሪካቸውን በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። የተወለዱት ከጣራ ገዳም ሥር ካለች መንደር ነው። በጉብዝናቸው አዲስ አበባ ገቡ፣ ማርሽ ባንድ ውስጥ ከበሮ ተማሩ፣ ከዚያ ሙዚቃ የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ቀጠራቸው፣ ሲያረጁ ደብረ ታቦር ከጥሩወርቅ ዘንድ ገቡ። ድራም ነበር ሥራቸው። ማንም ዘፋኝ ይምጣ፣ ከኋላው ሆነው የሚመቱት እሳቸው ናቸው። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው፣ ስሙም የዘፋኙ ነው። በዚህ ሲያማርሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ዘፋኞችን በአንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሟቸው።

«ዘፋኝ ሰዓት አክብሮ ከመጣ» ይሉ ነበር፣ «ዘፋኝ አይደለም፣ የባንክ ሠራተኛ ነው።»

ይህ የዘፋኞች መዘግየት ነው የጋሽ አስናቀን ሥራ የወለደው። ስቱዲዮው የሚከራየው በሰዓት ነው። ዘፋኙ ትናንት ማታ ሲጫወት አምሽቶ ተኝቷል። ጊታሪስቱ፣ ኦርጋኒስቱ፣ ሳክስፎኒስቱና እሳቸው ቁጭ ብለው በር በር ያያሉ። አንድ ቀን ኦርጋኒስቱ፣ «ሰዓቱ እንደሆነ እየሄደ ነው፣ ቴፑን ልቀቁት» አለና ያለ ዘፋኝ መጫወት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ዘፋኝ በዘገየ ቁጥር አንድ ሙዚቃ ይቀረጻል። ስሙንም እዚያው ያወጡለታል፦ «ሻይ እስኪመጣ»፣ «ጠብቀን ጠብቀን»፣ «ይኸው ኮቴው»። ይኸው ኮቴው ያሉት አጭር ነው፣ መሀል ላይ ዘፋኙ በሩን ከፍቶ ገብቶ ነው የተቋረጠው። ጋሽ አስናቀ እስከ መጨረሻው ያንን ዘፋኝ ይቅር አላሉትም። «በሕይወቱ አንድ ቀን ሰዓት አከበረ፣ እሱንም በእኔ ላይ!»

ስለ ሙዚቃው ምንነት ስጠይቃቸው፣ ከአሜሪካ ጥቁሮች ሸክላ ሰምተው በባቲና በአምባሰል ቅኝት የለወሱት መሆኑን ነገሩኝ። በሶል ጃዝና በፈንክ መካከል ነው አሉኝ። ምንም እንዳልገባኝ ሲያዩ ወንበራቸውን አዞሩ።

«ስሚ። ሶል ጃዝ ማለት ቤትሽ የመጣ እንግዳ ነው። ተመችቶታል፣ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ጨዋታው አያልቅም። ፈንክ ደግሞ ያው እንግዳ ደህና ዋሉ ብሎ ተሰናብቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ እግሩን እያነሳ እየጣለ ወሬ ሲጀምር ነው።»

«የእርስዎስ?»

«የእኔማ» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ፣ «ይችውልሽ፣ ከወንበሩ ሲነሳ ያለችዋ!»

ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ ትምህርት አላገኘሁም።

ዓለም ለእሳቸው የምት ጉዳይ ነበር። ባጃጅ ተሳፍረው ሹፌሩን ያዩታል፣ «ይህ ልጅ ይቸኩላል፣ ቢራገፍብን ምን ይደንቃል» ይሉና ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ። ወፍጮ ቤት ገብተው ከጤፍ ጆንያው መካከል ይቆማሉ። ባለወፍጮው፣ «ጋሼ፣ እህል አመጡ?» ሲላቸው፣ «የለም፣ ሞተሩን ልሰማ ነው» ይሉታል። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሳቅ ይሞታሉ፣ እሳቸው በጣታቸው ጆንያውን ይመታሉ፣ ዱቄቱ ይቦናል። ቅዳሴ ላይ ደግሞ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ጠቅልለው ነው የሚቆሙት፣ እንዳያሳፍሯቸው። አንድ ጊዜ ያችን ከአዲስ አበባ ያመጧትን ስኔር የሚሏትን ትንሽ ከበሮ ልሞክራት ብዬ ዘንጎቹን ተቀበልኳቸውና ሁለቱ እጆቼ ተጣሉብኝ። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? እሳቸው አልሳቁብኝም። «አይዞሽ፣ የጎንደር ሰው ትከሻው ነው ብልህ፣ እጁ ቀስ ብሎ ይመጣል» አሉኝ።

ጋሽ አስናቀ አንድ ነገር ብቻ ይመኙ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው በእነዚያ ሙዚቃዎች ሲጨፍር ማየት። የስቱዲዮው ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ነበር አሉ። «ጉልበቴን ሁሉ የጨረስኩት ለእንቁላል ካርቶን ስጫወት ነው። ካርቶን ደግሞ፣ ዲጄዬ፣ አይጨፍርም።» ከዚያ ሙዚቃዎቹ ሬዲዮ ገቡ። አንዱ ለዜና መግቢያ ሆነ፣ ሌላው የእርሻ ፕሮግራም ሲያልቅ ክፍተት መሙያ። አገር ሁሉ ሰምቷቸዋል፣ ከወንበሩ የተነሳላቸው ግን የለም። የቀረቻቸውን አንዲት ካሴት ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩላቸውና፣ «እኔ አስጨፍርልዎታለሁ» አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነበር የተናገርኩት።

የመጀመሪያውን ሙከራ እዚያው ከተማችን የአንድ ነጋዴ ልጅ ሰርግ ላይ አደረግን። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሞቅ ብሎታል፣ መሀሉ በጨፋሪ ተሞልቷል። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ድንገት «ሻይ እስኪመጣ»ን ለቀቅኋት። ኦርጋኑ ገባ። የጨፋሪዎቹ ትከሻ ተሰብቆ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ መደዳ አንድ ድምፅ፣ «እስቲ ዝም በሉ፣ ዜና ነው!» አለ። ወዲያው ዳሱ እርጭ አለ። አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ሰሃን ይዘው ቆሙ። ሙሽራው ጆሮውን አቀና። ሙዚቃው ቀጠለ፣ ዜና የለም። ትንሽ ቆይቶ የሙሽራው ወንድም ላብ አጥምቆት ወደ እኔ ሮጠና፣ «ዲጄ፣ የዘፋኙ ሽቦ ተነቅሏል!» ብሎ በሞንታርቦዎቹ መካከል ተንበርክኮ ገመድ ይነካካ ጀመር። ዘፋኝ የሌለው ዘፈን አለ ብል ማን ሊያምነኝ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ለጋሽ አስናቀ ያስረዳቸዋል፦ «አባባ፣ ይህች እኮ የዜና ሙዚቃ ናት፣ ተሳስታ ነው።» ለቀባሪው አረዱት። ጋሽ አስናቀ ከወንበራቸው እስኪንሸራተቱ ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ። እኔም ሳልወድ የለመዱትን ዘፈን ለቀቅሁ፣ ዳሱ እንደገና ነደደ።

በሌላ ሰርግም ሞከርን፣ በምርቃትም ሞከርን። ያው ነው። ሰዉ ትከሻውን አዘጋጅቶ ዘፋኙ እስኪገባ ይጠብቃል፣ ሲደክመው ይቀመጣል። አንድ ቀን እቃ ጭነን ስንመለስ ጋሽ አስናቀ፣ «ምናልባት ሳይጨፈርበት የሚቀር ዘፈን ይሆናል፣ ምን ይደረጋል» አሉ። አባቴ ቢያዝንብኝ እንደዚያን ቀን አይከፋኝም።

በዚያ ክረምት ታመሙ። እግራቸው አበጠ፣ ዳገት አልወጣ አላቸው። ሐኪሙ፣ «ልብዎ ደክሟል» ሲላቸው፣ «ደክሞ ነው ወይስ ቴምፖ ቀንሶ?» ብለው ጠየቁት። ጥሩወርቅ ከዚህ በኋላ ሰርግ የሚባል የለም አለች። እኔም እሺ አልኳት። ጥር ሲመጣና ገሳይ ከሚባለው ደጋ ሰርግ ስጠራ ግን ጋሽ አስናቀ ኮታቸውን ለብሰው፣ ስኔሯን በጋቢ ጠቅልለው፣ ከመኪናው ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጥሩወርቅ ትገድለኛለች» አልኳቸው።

«ቀድሜሽ እሞታለሁ፣ አትፍሪ። ንዳው!» አሉት ሹፌሩን፣ እኔን እያዩ።

ገሳይ ብርዱ አይጣል ነው። ዳሱ ግን በሰው ሞልቶ ይሞቃል። ሙሽሮቹ ገብተዋል፣ ምሳው ተበልቷል፣ የሚጠበቀው ከንፋስ መውጫ የሚመጣው አዝማሪ ብቻ ነው። ደወለ፣ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቀርቷል። ከሁሉ የከፋቸው የሙሽራዋ አጎት አያ ዘለቀ ናቸው። የሰርግ እድምተኛ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜማል፣ የአያ ዘለቀ ክብር ያለው እዚያ ላይ ነው። ሚስታቸው እንዳለችን፣ ሳምንቱን ሙሉ ከበሬዎቹ ኋላ ግጥም ሲያወጡ ነው የሰነበቱት። አሁን ዘንጋቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

«ጠብቀን ጠብቀንን ልቀቂያት» አሉኝ ጋሽ አስናቀ። «እሷን ሬዲዮ አያውቃትም።»

ለቀቅኋት። እሳቸው ስኔሯን ጉልበታቸው መሀል አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከቀረጹት ጋር አብረው ይመቱ ጀመር። ሰዉ እንደ ልማዱ ዘፋኙን ጠበቀ። አንዲት ሴት፣ «ኧረ መቼ ነው የሚጀምረው?» ስትል ሰማሁ። እጄ ሌላ ዘፈን ሊቀይር ሄደ። ያን ጊዜ አያ ዘለቀ ዘንጋቸውን አንስተው በመሀል ቆሙ።

«ተቀበል!» አሉ ሞንታርቦውን።

*አዝማሪው ቢቀርም ጎማው ፈንድቶበት፣*
*ሰርጉ መች ይቀራል ሙሽራ ካለበት!*

ተቀባይ ያጣ ግጥም ነውር ነው፣ አያ ዘለቀም ከአፋቸው ካወጡት በኋላ ነው የባነኑት። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። ጋሽ አስናቀ ግን ያንኑ ግጥም ተቀበሉት። በአፍ አይደለም፣ በከበሮው። «አዝማሪው ቢቀርም» ያለችው ቃል እንዳለች ከቆዳው ላይ ወጣች፣ «ጎማው ፈንድቶበት» ላይ ዘንጉን ጧ አደረጓት፣ ጎማው ራሱ ፈነዳ። ከሥር ጊታሩና ኦርጋኑ ሳይደናገጡ መንገዳቸውን ቀጥለዋል። መጀመሪያ የሳቁት ልጃገረዶቹ ናቸው። ከዚያ ዳሱ ሁሉ አሽካካ።

«ደገመልኝ!» አሉ አያ ዘለቀ፣ ለማመን አቅቷቸው። «ሰማችሁ? ቃል በቃል!»

ቅድም መቼ ነው የሚጀምረው ያለችው ሴት ተነሳች።

*ገብሱን አስገብተን፣ ጤፉን አበጥረን፣*
*ምን ያስቀምጠናል፣ ዛሬማ ልጅ ድረን!*

ከበሮው ተቀበለ። «ልጅ ድረን» ላይ ሰዉ ራሱ ከከበሮው እኩል ጮኸ። ከግራ ተቀበል፣ ከቀኝ ተቀበል ሆነ። ሙዚቃው ባለቀ ቁጥር እኔ ከመጀመሪያው እመልሰዋለሁ። ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ፣ ሰዉ ግን ገና አልተነሳም። አያ ዘለቀ ይህን አዩና መሬቱን በዘንጋቸው መቱት።

*አፍ የሌለው ቆዳ እንዲህ ከዘመረ፣*
*እግር ያለው ሁሉ ለምን ተገተረ!*

ከበሮው ተቀብሎ ሳይጨርስ ዳሱ ብድግ አለ። ሙሽራዋ ከነቬሏ ተነሳች። ሚዜዎቹ ኮታቸውን ጣሉ። ጥርስ የሌላቸው ባልቴት መቋሚያቸውን ለልጅ ልጃቸው አስይዘው ገቡ። እስክስታው ደራ፣ መሬቱ ይመታል፣ አቧራው ይጨሳል። በሶል ጃዝና በፈንክ መካከል ነው የገሳይ ገበሬ የሚጨፍረው! ወደ ጋሽ አስናቀ ዞርኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

የሚሰጧቸውን ቃል እንዳያመልጣቸው ጨፍነው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ቀብረው ይመታሉ። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ነገር ፊት ለፊታቸው እየሆነ ነው፣ እሳቸው አያዩም። «ጋሼ! ቀና ይበሉ! ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ሞንታርቦው ድምፄን ዋጠው። ልነካቸው ብል በመካከላችን ጨፋሪ ገብቷል። ሌላ መላ አልመጣልኝም፣ የሚክሰሩን ድምፅ እስከ ታች ሳብኩት። ጊታሩም ኦርጋኑም ጠፉ። ጭፈራው ቢቆምስ ብዬ ነፍሴ ወጣች።

አልቆመም። ከበሮዋ ብቻዋን ቀረች፣ ሰዉም ከእሷ ጋር ቀጠለ።

ጋሽ አስናቀ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ እኔን ነው ያዩት፣ ምን ነካሽ ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን አዩ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። እጃቸው አላቆመም። ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን ሰው በየተራ ያዩት ጀመር፣ ማንንም እንዳይዘሉ የሚጠነቀቁ ይመስል። እየሳቁ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔም በሰው ሰርግ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ምንም አላፈርኩም።

በዚህ መሀል አዝማሪው ደረሰ። አቧራ ለብሷል፣ ማሲንቆውን በብብቱ ይዟል፣ በመዘግየቱ ደንግጧል። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገና፣ «ማነው የሚዘፍነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንም!» አሉት አያ ዘለቀ፣ ትከሻቸውን ሳያቆሙ። «ግባና ጨፍር!»

አዝማሪው ማሲንቆውን ከዳሱ ምሰሶ አስደግፎ ገባ።